ዳባውን ግድግዳው ይልበስ

የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት

(የመግቢያ ዜማ፦ ብቻውን የሚመታ ክራር፤ ከ10 ሴኮንድ በኋላ እየደከመ ከንግግሩ ሥር ይገባል)

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ ምግብ ቤት ይወስደናል። የወጡንና የእንጀራውን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ ዛሬ በዓይን ስለማይታየው፣ ግን ገብተን እስክንወጣ ለአፍታም ስለማይለቀን ነገር እናወራለን፤ ስለ ድምፅ። ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ልትከፍቱ የምታስቡ፣ ቤት የምትነድፉና የምታስጌጡ፣ የድምፅ መሣሪያ የምትገጥሙ፣ እንዲሁም ቅዳሜ ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ወጣ ብላችሁ የምትመገቡ ሁሉ፣ ጆሯችሁን አውሱን።

በአንድ ገጠመኝ ልጀምር። አጎቴ ከጎጃም የመጡ ጊዜ ነው። 78 ዓመታቸው ነው፤ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። የአገር ቤቱን ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘውልኝ መጥተዋል፦ ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳረፈ፣ የድንበር ክርክሩ የት እንደደረሰ። ምሳ ልጋብዛቸው ብዬ በቅርቡ ወደተከፈተ አንድ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። ቤቱ ያምራል። ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው፤ የመንገዱ ወገን ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም፣ ጠረጴዛው እብነ በረድ። ከባንኮኒው ግራና ቀኝ ቁመታቸው የሰው ደረት የሚደርስ ሁለት ጥቁር ስፒከሮች ቆመዋል።

አጎቴ ወሬያቸውን ጀመሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃሉ ግን አይደርሰኝም። «እ?» እላለሁ፤ ይደግሙልኛል። እኔም ስመልስላቸው መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ይጠጉኛል። ሦስት አራት ጊዜ ሞከርን። ከዚያ በኋላ ዝም ብለው፣ ፈገግ እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። ያልሰማ ሰው የሚነቀንቀው አነቃነቅ አለ፤ ታውቁታላችሁ። ከፍለን ወጥተን በር ላይ ስንደርስ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ምግቡስ ጥሩ ነበር፤ አንተን ግን ሳላገኝህ ቀረሁ» አሉኝ።

የዛሬው ትምህርት በሙሉ ከዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር የወጣ ነው። ሰው ምግብ ቤት የሚሄደው ሰው ሊያገኝ ነው። ስለዚህ የአንድ ምግብ ቤት ድምፅ በደንብ ተሠርቷል የምንለው፣ እንግዳው ዘፈኑ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ፣ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው አጥርቶ ሲሰማ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ እንይ።

(ድምፅ፦ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጭብጨባ፤ ለረጅም ጊዜ ያስተጋባል። ቀጥሎ ምንጣፍና መጋረጃ ባለበት ክፍል ውስጥ አንድ ጭብጨባ፤ ወዲያው ይጠፋል)

ሁለቱን ጭብጨባዎች ሰማችሁ? እጁ አንድ ነው፤ የተለየው ቤቱ ነው። ብዙ ሰው የድምፅ ሥራ ሲባል ቶሎ የሚታየው ስፒከር ነው። የእኛ ሰው ግን ሲተርት «መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ይላል። የድምፅ መቀመጫው ቤቱ ነው። ቤቱ ሳይስተካከል የተገዛ ውድ ስፒከር፣ የሚረብሽ ድምፅን በውድ ዋጋ ከማብዛት አያልፍም።

ይህን በሳይንስ መጀመሪያ ያሳየን ዋላስ ሳቢን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በአዲሱ የፎግ ሙዚየም ውስጥ የሠራው የትምህርት አዳራሽ ለማስተማር የማይቻል ሆኖ ተገኘ። መምህሩ አንድ ቃል ከተናገረ በኋላ ቃሉ ከአምስት ሴኮንድ በላይ በአዳራሹ ውስጥ ሲንከራተት ይቆያል። አንዱ ቃል ሳይሞት ሌላው ይደርስበታል፤ ተማሪው የሚሰማው ጉምጉምታ ብቻ ይሆናል። ሳቢን ችግሩን እንዲፈታ ታዘዘ።

የሠራው ሥራ ትዕግሥቱን ያሳያል። ከተማው ጸጥ በሚልበት በሌሊት፣ ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶችን እያስመጣ ያነጥፋል። ከዚያ የኦርጋን ዋሽንት አሰምቶ በድንገት ያቆመውና፣ ድምፁ ከጆሮው እስኪጠፋ ድረስ ያለውን ጊዜ በሰዓት ይለካል። ጥቂት ትራስ ይጨምራል፤ እንደገና ይለካል። ሲነጋጋ ትራሶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። አንድ ጊዜ ልኬቱ አልገጥም ሲለው፣ ምክንያቱ የገዛ ልብሱ መሆኑን ደረሰበት፤ ወፍራም ሲለብስና ስስ ሲለብስ የአዳራሹ ድምፅ ይለወጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለልኬት ሲገባ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብስ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ የተሠራው እሱ ባገኘው ስሌት ታግዞ ነው።

ስሌቱ ለሬዲዮም አያስቸግርም። የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ውሰዱና በ0.161 አባዙት። ያገኛችሁትን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ለሚውጠው ስፋት አካፍሉት። መልሱ ድምፅ እስኪሞት የሚፈጀው ሴኮንድ ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ምግብ ቤት እንውሰድ። ሴራሚክ፣ መስታወትና ልስን ግድግዳ ከመጣባቸው ድምፅ የሚውጡት ከመቶ ሁለት ሦስት እጁን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን መልሰው ይወረውሩታል። በስሌቱ ይህ ቤት ባዶውን ሲሆን ድምፅን ወደ 5 ሴኮንድ ገደማ ያንከራትታል። አሁን ከኮርኒሱ 60 ካሬ ሜትሩን፣ ከመጣበት ድምፅ ከመቶ ሰማንያውን በሚውጥ ነገር አልብሱት። አምስቱ ሴኮንድ ወደ 0.7 ይወርዳል። ለምግብ ቤት የሚስማማው እዚያ አካባቢ ነው።

አማርኛችን አንድ ድንቅ አነጋገር አለው። መስማት ያልፈለገ ሰው «ጆሮ ዳባ ልበስ» ይላል። አጎቴን ያስገባሁበት ቤት ያስደረጋቸው ይህንኑ ነበር፤ ሳይወዱ ጆሯቸውን ዳባ አለበሳቸው። መልበስ የነበረበት ግን ግድግዳው ነው። ጆሮው ገላጣውን ሆኖ እንዲሰማ፣ ዳባውን ግድግዳው ይልበስ።

አያቶቻችን ይህን በቁጥር ሳያውቁት ኖረውበታል። የሣር ክዳን ያለውን ጎጆ አስቡት። ጣሪያው በሺህ የሚቆጠር የሣር ዘለላ ነው፤ ግድግዳው ጭድ የተቦካበት ጭቃ ነው፤ መደቡ ላይ አጎዛ፣ ወለሉ ላይ ጉዝጓዝ፣ ሰው ሁሉ ጋቢ ለብሷል። እዚያ ቤት ውስጥ ሽማግሌ በዝግታ ሲናገር ጥግ ላይ ያለ ልጅ ይሰማል።

ዛሬስ በምን እናልብሰው? ጥሩው ነገር ሮክ ውል የሚባለው ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል ነገር ነው። በአምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት በፍሬም አድርጋችሁ፣ ትንፋሽ በሚያሳልፍ ጨርቅ ትሸፍኑታላችሁ። ከኮርኒሱ ወይም ከግድግዳው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ቢሰቀል ይበልጥ ይውጣል። በሽመና የተሠራ ጥለት ያለው ጨርቅ ልታለብሱት ትችላላችሁ፤ ያኔ ለእንግዳው ጌጥ ነው፣ ለቤቱ ደግሞ መድኃኒት። እጥፋቱ የበዛ ከባድ መጋረጃ ለመስታወቱ ወገን ይጠቅማል። የጠረጴዛውን የታችኛውን ገጽ በወፍራም የሱፍ ጨርቅ መሸፈን እንኳ ያግዛል።

ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ ድምፅ የመዋጥ አቅሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለተኛው፣ ጨርቁን በቀለም አትቀቡት፤ ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ሥራውን ያቆማል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ እንደ ፍራሽ ያለ ተራ ስፖንጅ ኮርኒስ ላይ አትለጥፉ። በእሳት በፍጥነት ይቀጣጠላል፣ ጭሱም ይገድላል። የምትለጥፉት ሁሉ እሳት የማይዘው ይሁን።

(ድምፅ፦ የምግብ ቤት ጫጫታ፣ ከዝቅተኛ ተነሥቶ እየጨመረ ይሄዳል፤ በድንገት ይቆማል)

አሁን የሰማችሁት ጫጫታ ለምን እየጨመረ ሄደ? ፈረንሳዊው የጆሮ ሐኪም ኤትየን ሎምባር እ.ኤ.አ. በ1911 ያሳተመው ግኝት መልስ ይሰጠናል። ሰው እየተናገረ ጆሮው ላይ ጫጫታ ሲለቀቅበት፣ ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጫጫታው ሲቆም እሱም ይመለሳል። ማንም አዝዞት አይደለም፤ ተፈጥሮ ነው።

ይህን ወደ ምግብ ቤቱ አምጡት። ዘፈኑ ከፍ ይላል፤ አንደኛው ጠረጴዛ ለመሰማማት ጮክ ይላል። የሁለተኛው ጠረጴዛ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ለመብለጥ ይጮኻሉ። ባንኮኒ ላይ ያለው ልጅ ዘፈኑ በሰው ድምፅ ተዋጠ ብሎ ቮልዩሙን ይጨምራል። ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው ድምፁ ሰልሏል፣ ሁሉም ደክሞታል፣ ጥፋተኛ ግን የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፦ ቤቱ ሲሞላና ሲጮህ ዘፈኑን አትጨምሩ። ሰው ሳይጮህ በአንድ ሜትር ርቀት ሲነጋገር ድምፁ በዴሲቤል፣ ማለትም በድምፅ ኃይል መለኪያ፣ ወደ 60 ይጠጋል። ሙዚቃው ከዚያ በታች ሆኖ የሚያልፍበትን መንገድ እንፈልግ።

መንገዱን ደግሞ ከአዝማሪ እንማራለን። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ሲገባ ጥግ ቆሞ ለሁሉም አይጮኽም። ከእንግዳ ወደ እንግዳ ይሄዳል። አጠገባችሁ ቆሞ ስማችሁን ጠርቶ ይገጥማል፤ ለእናንተ ሲዘፍን ከወዲያኛው ጥግ ያሉት ጨዋታቸውን አላቋረጡም። ያ መሰንቆ አንድ ጭራ ብቻ ያለው፣ ድምፁም ትንሽ የሆነ መሣሪያ ነው። ቅርብ ስለሆነ ግን ይበቃል። ትንሽ ድምፅ ከቅርብ፣ ከትልቅ ድምፅ ከሩቅ ይሻላል፤ የምግብ ቤት የድምፅ ሥራ ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

ቁጥሩ እንዲህ ይላል። ገላጣ ሜዳ ላይ ከድምፅ ምንጭ ያላችሁ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ስምንት፤ ሦስት ጊዜ እጥፍ፣ 18 ዴሲቤል። ስለዚህ ስምንት ሜትር ላይ ያለው እንግዳ ዘፈኑን በ65 ዴሲቤል እንዲሰማው ብትፈልጉ፣ አንድ ሜትር ላይ የተቀመጠው 83 ዴሲቤል ሊሸከም ነው። ቤት ውስጥ ግድግዳው የሚመልሰው ድምፅ ልዩነቱን ያጠበዋል፤ ሩቅ ላለው ሰው የሚደርሰው ግን ተደበላልቆ የመጣ ድምፅ ነው። የባንኮኒው ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ትላልቅ ስፒከሮች ያጠፉት ጥፋት ይህ ነው፤ ቅርቡን አደነቆሩ፣ ሩቁን አደናገሩ።

በምትኩ ብዙ ትናንሽ ስፒከሮችን ኮርኒስ ውስጥ እንበትናለን። አቀማመጡን ለማወቅ ሜትር ብቻ ይበቃል። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል በግምት 1.2 ሜትር ላይ ነው። ኮርኒሱ 3 ሜትር ከሆነ የቀረው 1.8 ሜትር ነው። ድምፁን 90 ዲግሪ የሚበትን ስፒከር በጆሮ ከፍታ ላይ የሚሸፍነው ክብ የዚህ እጥፍ ይሆናል፤ 3.6 ሜትር ወርድ። ክቦቹ ትንሽ እንዲደራረቡ በየሦስት ሜትሩ ብናስቀምጥ፣ ያ 10 በ8 የሆነው ቤታችን በዘጠኝ ስፒከር በእኩል ይዳረሳል። እንግዳው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ቢዘዋወር ድምፁ አይጨምርም፣ አይቀንስም። በድምፅ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ወደ ድምፅ አይዞርም።

መደበቁስ? የስፒከሩን ክዳን በኮርኒሱ ቀለም መቀባት ይቻላል፤ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ክዳኑ ወልቆ በስሱ ይነፋ። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ከሆነ እንደ አምፖል የሚንጠለጠሉ ስፒከሮች ከመብራቶቹ መካከል ይሰቀላሉ፤ ወደ ጆሮ ስለሚቀርቡ በዝቅተኛ ድምፅ ይሠራሉ። በረንዳ ላይ ደግሞ ከአበባ ተክሎቹ መካከል የሚገቡ አሉ። የቤዙን ነገር ጆሯችን ራሱ አቅልሎልናል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ወፍራም ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ መለየት ይቸገራል። ስለዚህ የቤዙን ስፒከር፣ ሰብዉፈሩን፣ ከአግዳሚ ወንበር ሥር ከታቹ ጎማ አድርጋችሁ ብትደብቁት፣ ቤዙ ከቤቱ ሁሉ የመጣ ይመስላል።

ሌላ የሚዘነጋ ነገር አለ። ዘፈን የሚቀረጸው በስቴሪዮ ነው፤ ክራሩ በግራ፣ ከበሮው በቀኝ ሊሆን ይችላል። በግራ ስፒከር ሥር የተቀመጠ እንግዳ ግማሹን ዘፈን ሳይሰማ በልቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለምግብ ቤት ሁለቱን አዋህዶ በሞኖ መልቀቅ ይመረጣል፤ ሁሉም ጠረጴዛ ሙሉውን ዘፈን ያገኛል።

ለገጣሚዎች ስለ ሽቦው ልንገራችሁ። ዘጠኝ ስፒከር በተለመደው አገጣጠም ከአንድ አምፕሊፋየር ላይ ብትደራርቡ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል፤ ረጅም ቀጭን ሽቦም ኃይሉን ይበላዋል። መፍትሔው 100 ቮልት መስመር የሚባለው አሠራር ነው። ኤሌክትሪክ ከግድብ ሲነሣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ተጉዞ ሠፈራችን ሲደርስ በትራንስፎርመር ይወርዳል አይደለም? ይህም እንደዚያ ነው። አምፕሊፋየሩ ድምፁን በከፍተኛ ቮልቴጅ ይልካል፣ እያንዳንዱ ስፒከር ላይ ያለች ትንሽ ትራንስፎርመር ትቀበለዋለች። ለእያንዳንዱ 5 ዋት ብትመድቡ ዘጠኙ 45 ዋት ናቸው፤ ከአምፕሊፋየሩ አቅም ከመቶ ሰማንያውን እንዳያልፍ 60 ዋት ይበቃችኋል። ልብ በሉ፣ ደረት የሚደርሱትን ስፒከሮች የሚነዳው መሣሪያ ግን በሺህ ዋት ሊቆጠር ይችላል።

ቤቱንም በክፍል ክፍል ለዩት። ባንኮኒው አካባቢ ሞቅ ይበል፤ የቤተሰብ ጠረጴዛዎቹ ዝቅ ይበሉ፤ በረንዳው ለብቻው ቁልፍ ይኑረው። ቮልዩሙ ከተወሰነ ልክ በላይ እንዳይወጣ ገደብ አድርጉለት። ቁልፉ ላይ ያለው ልጅ ጆሮው ቀኑን ሙሉ ስለለመደ ልኩን ማወቅ አይችልም፤ ልኩ የሚታወቀው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው።

(ድምፅ፦ አንድ ሙዚቃ በዝቅተኛ ድምፅ፤ መጀመሪያ ቤዝ አልባ ሆኖ፣ ቀጥሎ ቤዙ ተሞልቶ)

ይህን ስሙልኝ። ሁለቱ የድምፅ መጠናቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሙሉ ሆኖ ተሰማችሁ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ከሁሉ በፊት የሚያጣው ቤዙን ነው። ዝቅ ያለ ዘፈን ቀጭንና ደረቅ የሚመስለን ለዚህ ነው። እኔ በብዙ ቤት ያየሁት፣ ሰው ቮልዩም የሚጨምረው ዘፈኑ አንሶት ሳይሆን ሳስቶበት ነው። በኢኳላይዘር ቤዙን በትንሹ ሙሉት፤ ድምፁ ዝቅ እንዳለ ቤቱ ይሞቃል፣ ማንም ወደ ቁልፉ አይሄድም።

የዘፈኑ ፍጥነትም የራሱ ሥራ አለው። ሮናልድ ሚሊማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዝግ ያለ ሙዚቃ ሲለቀቅ እንግዶች በአማካይ 56 ደቂቃ ቆዩ፤ ፈጣን ሲለቀቅ 45 ደቂቃ። ዝግ ባለው ጊዜ ለመጠጥ የከፈሉትም በልጧል። የምሳ ሰዓት ሠራተኛ በቶሎ በልቶ እንዲሄድ የምትፈልጉና የእራት እንግዳ እንዲቆይላችሁ የምትፈልጉ፣ አንድ ዓይነት ዘፈን አይስማማችሁም።

ምርጫውን በተመለከተ የጃፓናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሪዩቺ ሳካሞቶ ነገር ደስ ይለኛል። «የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት» ለተባለው ፊልም በሠራው ሙዚቃ ኦስካር የተቀበለ ሰው ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ ካጂትሱ የሚባል ምግብ ቤት ያዘወትር ነበር። ምግቡን ይወደዋል፤ የሚለቀቀው ሙዚቃ ግን አልሆንልህ አለው። ለሼፉ ጻፈለትና የዘፈኖቹን ዝርዝር ያለ ክፍያ ራሱ አዘጋጀለት። ይህ እ.ኤ.አ. በ2018 በኒው ዮርክ ታይምስ ተዘግቦ ብዙ ሰው አነበበው።  ዝርዝሩ ለክፍሉ ብርሃንና ለምግቡ ጠባይ እስኪስማማ ድረስ ደጋግሞ ለወጠው። መጠየቅ ያለብንም ይህንኑ ነው፤ «እኔ ምን እወዳለሁ?» ከማለት በፊት «ይህ ክፍል ምን ይሻል?»

ለእኛ ቤቶች የምመክረው ግጥም የሌለውን ሙዚቃ ነው። ቃል ከቃል ጋር ይጋፋል፤ የዘፋኙ ግጥም ከእንግዳው ወሬ ጋር በአንድ መንገድ ያልፋልና። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን፣ ዋሽንት፣ ክራር፤ በዚህ በኩል ሀብታሞች ነን።

ሙዚቃው ዝም የሚልበትም ጊዜ ይኑር። እንግሊዛዊው ሼፍ ሄስተን ብሉመንታል እ.ኤ.አ. በ2007 ባስተዋወቀው አንድ የባሕር ምግብ፣ እንግዳው ከባሕር ቅርፊት ውስጥ በወጣ ማዳመጫ የማዕበል ድምፅ እየሰማ እንዲበላ አድርጓል። ድምፅ የጣዕም አካል ነው ማለቱ ነው። እኛ ግን ማዳመጫ መቼ ያስፈልገናል? ቡናው ብረት ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ፣ ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ፣ ሲኒ ከሲኒ ሲነካካ፤ ይህን ሁሉ በዘፈን እየቀበርነው ነው። ቡና ሲቆላ በዚያ ጥግ ያለውን ስፒከር ዝቅ አድርጉት። ቤቱ በራሱ ድምፅ ይናገር።

አሁን እነዚህን ሁሉ በአንድነት የያዘ አንድ ቤት ላሳያችሁ። ካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተ ኮማል የሚባል የሜክሲኮ ምግብ ቤት አለ። ከባለቤቶቹ አንዱ በፊት የሙዚቃ ቡድን ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ነው። እዚያው በርክሊ ያለው ሜየር ሳውንድ የተባለው የድምፅ መሣሪያ ድርጅት ለኮንሰርት አዳራሾች የሠራውን ሥርዓት እዚህ ምግብ ቤት ውስጥ ገጠመለት። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቤቱን አለበሱት፤ ፎቶግራፍ የታተመባቸው ድምፅ የሚውጡ ሰሌዳዎች ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ፤ እንግዳው ሥዕል ያያል። ከዚያ ትናንሽ ማይክሮፎኖች የክፍሉን ድምፅ ይሰማሉ፤ ኮምፒዩተር ያሰላዋል፤ የተደበቁ ስፒከሮች ደግሞ በልክ የተመጠነ ማስተጋባት ይመልሳሉ።

ካጠፉት በኋላ ለምን ይመልሱታል? ፍጹም ጸጥ ያለ ምግብ ቤትም ያስፈራል። ማንኪያው ሲወድቅ ሁሉም ይዞራል፤ ባልና ሚስት የቤታቸውን ጉዳይ ማውራት ይሳቀቃሉ፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ይሰማልና። ጥቂት ሞቅታ ሲኖር ግን የሩቁ ወሬ ወደ ጉምጉምታ ይለወጣል፣ የቅርቡ ይጠራል፣ ምሥጢርም ይጠበቃል። ኮማል ባንኮኒው ዘንድ ሞቅታውን ከፍ፣ ጠረጴዛው ዘንድ ዝቅ ያደርገዋል። ሥርዓቱ ውድ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ለሁላችንም በነጻ የተሰጠ ነው፦ መጀመሪያ ቤቱን ማስተኛት፣ ቀጥሎ በልክ መቀስቀስ።

ከመለያየታችን በፊት ሁለት ሰዎች እንዳይረሱብን። አንደኛው አስተናጋጁ ነው። እንግዳው ሰዓት ተኩል ቆይቶ ይሄዳል፤ አስተናጋጁ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለጆሮ የሚመክረው ልክ በቀን ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ከሆነ አራት ሰዓት፣ 91 ከሆነ ሁለት ሰዓት ብቻ። የተጎዳ ጆሮ አይመለስም። ሁለተኛው ጎረቤት ነው። ቤዝ ግድግዳ አያግደውም፤ ከላይ ፎቅ ያለ ሕፃን ያነቃል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ድምፅንም ብክለት ብሎ ይቆጥራል። ትናንሽ ስፒከሮች ለእንግዳው ቀርበው በዝቅታ ሲናገሩ፣ ጎረቤቱም አብሮ ያርፋል።

(ዜማው ቀስ ብሎ ይመለሳል)

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ነገ ጠዋት በሩ ሳይከፈት መሐል ወለል ላይ ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ድምፁ ቶሎ ካልሞተ ቤቱ ራቁቱን ነው። ቀጥሎ ማታ ቤቱ ሲሞላ፣ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ወንበር ላይ ለአፍታ ተቀመጡ። በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ፈልጉና ከፊታችሁ አስቀምጡት። በቤታችሁ የምትናገሩበትን ድምፅ ሳትጨምሩ አንድ ነገር ንገሩት። ከመለሰላችሁ ሥራችሁ ያማረ ነው። ፈገግ ብሎ ራሱን ከነቀነቀ ግን ቮልዩሙን ቀንሱ፤ በማግሥቱም ግድግዳውን አልብሱ።

አጎቴ ዘንድሮም ለፋሲካ እመጣለሁ ብለዋል። የት እንደምወስዳቸው ወስኛለሁ፤ ቤቱ ትንሽ ነው፣ ኮርኒሱ በቀርከሃና በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ስፒከሩ የት እንዳለ እስካሁን ለማየት አልቻልኩም። የድንበሩ ክርክር የት እንደደረሰ ያን ቀን እሰማለሁ።



(ክራሩ ከፍ ብሎ ይዘጋል)